እንዴት አደራችሁ የተባለው ውሻ

በእኛ አገር ውሻ ስም የሚወጣለት ለራሱ ብሎ አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ቢቸና መጥቶ እኔ በምሠራበት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ደጃፍ አንድ ጠዋት ቢቆም ይበቃዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲኖር ሰዉ ውሻውን በገመድ እየጎተተ ይመጣና ይሰለፋል። እኔ መርፌዬን እያዘጋጀሁ «ስሙ ማን ነው?» እላለሁ። «ምን ቸገረኝ»፣ «ሰው አማኝ»፣ «ዞር በል»፣ «ያልፋል» ይሉኛል። አንድ ጊዜ አንዲት ወይዘሮ የውሻዋን ስም ብጠይቃት መልሱን ለእኔ መስጠቱን ትታ ወደ ኋላ ዞረች፣ ሰልፉን ቃኘችና ድምጿን ከፍ አድርጋ «ቅናት ይግደልሽ!» አለች። ከሰልፉ መጨረሻ የነበረች ሌላ ወይዘሮ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ውሻዋን እየጎተተች ወደ ቤቷ ተመለሰች። በማግስቱ መርፌዬን ይዤ ቤቷ ድረስ ሄጄ ከተብኩላት። የውሻዋን ስም ግን አልጠየቅኳትም፤ እኔም ሰላሜን እወዳለሁ።

ነገሩ ገብቶኛል። ጎረቤትን ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው፤ ሽማግሌ ያስነሳል፣ ንስሐ አባት ያስቆጣል። ውሻን ከመጥራት ግን ማንም አይከለክልም። በአጥር ጥግ ቆሞ የልብ እስኪደርስ መጮህ ነው። የሚሰማው ይሰማል፤ «ምን አልክ አንተ?» ብሎ የመጣ ካለም «ውሻዬን ነው» ይባላል። በሥራዬ ላይ በዚህ ስስቅ ነው የምውለው። ሞጣ፣ አባቴ ቤት ስሄድ ግን ሳቄ ይጠፋል።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ታላቅ ወንድሙ አጥር ለአጥር ይኖራሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ ድጓ ያስተምራሉ። መንደሩ ሁሉ «የኔታ» ስለሚላቸው እኔም አጎቴ መሆናቸውን ትቼ የኔታ እላቸዋለሁ። በሁለቱ ግቢ መሐል ድሮ አንድ ትልቅ የብሳና ዛፍ ነበረ። የኔታ ከማኅሌት መልስ ከጥላው ሥር ቁጭ ብለው ተማሪዎቻቸውን ያስጠኑ ነበር። አባቴ ደግሞ «ቅጠሉ ቆርቆሮዬን አበሰበሰው» እያለ ዓመት ሙሉ ያጉረመርማል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የኔታ ለንግሥ ወደ ሌላ ደብር ሄደው ሲመለሱ ብሳናው የለም። ጉቶው ብቻ ቀርቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴ ወንድሙን «ጋሼ» እያለ ነበር የሚጠራቸው፤ ከዚያ በኋላ «ያ ሰውዬ» ሆነው ቀሩ።

መጀመሪያ የተናገሩት የኔታ ናቸው። አንድ ጥቁር ቡችላ አመጡና «ምን በደልኩህ» አሉት። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ጥግ ቆመው፣ በዚያ ማኅሌት በገራው ድምፃቸው፣ «ምን በደልኩህ! ና ወዲህ! ምን በደልኩህ!» ይላሉ። አባቴ ሳምንት አልቆየም። ከገበያ ዳለቻ ውሻ ይዞ መጣና «ራስህ ታውቃለህ» አለው። ከዚያ ወዲያ የቤታችን ጠዋት ይኸው ነበር፤ ከወዲያ «ምን በደልኩህ!»፣ ከወዲህ «ራስህ ታውቃለህ!»። እናቴ ጆሮዋን በሻሿ እየሸፈነች «እናንተ ሰዎች፣ ውሾቹ እንኳ አፈሩባችሁ» ትል ነበር። እውነቷን ነው። ሁለቱ ውሾች በአጥሩ ቀዳዳ እየተላለፉ ፀሐይ ላይ አብረው ነበር የሚተኙት።

«ምን በደልኩህ»ን ጅብ ሲበላው የኔታ ሌላ ውሻ ተኩና «እግዜር ይየው» አሉት። አባቴ ያን ስም ሲሰማ ለጥቂት ቀን አጥሩ አጠገብ አልደረሰም፤ ከበድ ያለ ስም ነው። ከዚያ የእሱም ውሻ አርጅቶ ሞተና ተተኪውን «አይቶታል» አለው። ሲነግረኝ በደስታ ፊቱ በርቶ ነበር። ሁለቱም በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው የወጡ ናቸው፤ ቃል ሲመርጡ አይቸገሩም። እንዲህ ያለ ችሎታ በውሻ ላይ ሲባክን ማየት ያበሳጫል።

እናቴ ስታርፍ የኔታ ፍትሐቱን ቆመው አደረሱ፣ ድንኳንም ገብተው ተቀመጡ። ከወንድማቸው ጋር ግን ቃል አልተለዋወጡም። ሰልስቱ ሲያልፍ ሁለቱም ወደየግቢያቸው ገቡ። እኔ የምር የተናደድኩት ያን ጊዜ ነው። የየኔታ ባለቤት ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ስለዚህ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ሁለት ብቸኛ ሽማግሌዎች ቀሩ ማለት ነው። አባቴ ደም ግፊት አለበት፤ አንዳንድ ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ያዞረዋል። እኔ ቢቸና ነኝ፣ እህቴ አዲስ አበባ ናት፤ የምንጠብቀው በስልክ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ እንዴት እንደሚጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋም እንዴት እንደሚዘጋ የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል። አንድ ቀን አባቴ ሳይነሳ ቢቀር ማን ያውቃል? ይህ ሐሳብ እየመጣ እንቅልፍ ይነሳኛል። ጠዋት ጠዋት አባቴን «እንዴት አደርክ» የሚለው አንድ ሰው ነበር የምፈልገው፤ ያ ሰው ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ተቀምጦ ድጓውን ያዜማል።

በዚህ መሐል አባቴ ደወለ።

«አይቶታል ሞተ» አለኝ።

«እግዚአብሔር ያጥናህ።»

«ቀልድሽን ተይውና ወንድ ቡችላ ፈልጊልኝ። አንቺ መቼም ውሻ አታጪም።»

«ሴት ብትሆንስ?»

«ሴት ስትሆን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይሰበሰብና የሚሰማ ነገር አይኖርም። ወንድ ይሁን። ስሙን አዘጋጅቻለሁ።»

«ማን ልትለው ነው?»

«ደግ አደረግሁ» አለኝ፣ በኩራት።

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ውሻ ደህና ከተያዘ አሥር ዓመት ይኖራል። አባቴ አሥር ዓመት ሙሉ፣ ብሳናውን በመቁረጡ ደግ እንዳደረገ በየጠዋቱ ሲጮህ፣ የኔታም ያን እየሰሙ ሲያረጁ ታየኝ። ለዚያ ስም መልስ የሚገኝለት አይመስለኝም፤ አጥሩን በግንብ እንደ መተካት ነው። እኔ እምቢ ብለው ደግሞ ሌላ ሰው ቡችላ ያመጣለታል፣ ስሙም አይቀርም። ስለዚህ «እሺ አባዬ» አልኩት።

ቡችላው የመጣው ከየጁቤ በኩል ነው። በቅሎውን ያከምኩለት አንድ ገበሬ በጆንያ ይዞልኝ መጣ። ቡናማ ነው፣ ደረቱ ነጭ፣ አንድ ጆሮው የወደቀ፤ ፊቱ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የረሳ ይመስላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞጣ ላደርሰው አስቤ ነበር፣ መንገዱ ግን ተዘጋ። «ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል» ሲባል ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም አለፈ። ቡችላውን የሆነ ነገር ብዬ መጥራት ነበረብኝ። «ደግ አደረግሁ» ለማለት ደግሞ አፌ እምቢ አለ።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ሰላምታ የምትወድ ሴት ናት። ተከራዩ ብዙ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻም ብታገኝ «እንዴት አደራችሁ» ነው የምትለው። መልስ ሳይሰጣት የሚያልፍ የለም። አንድ ጠዋት ስልክ እያወራሁ አለፍኳት። በሩ ላይ ቀድማኝ ደርሳ ቆመች፣ እጇንም ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው እንዴት አደራችሁ ሲል ዝም ይባላል እንዴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አልኩ፣ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ። ቡችላው እግሬ ሥር ቆሞ ጅራቱን ይቆላል። ያኔ ሐሳቡ መጣልኝ። ቀኑን ሙሉ ክሊኒክ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ጀመርኩት። ፍርፋሪ እንጀራ በመረቅ እያራስኩ፣ ቡችላውን ከግቢው ጫፍ «እንዴት አደራችሁ!» እያልኩ እጠራዋለሁ፤ ሲመጣ አጎርሰዋለሁ። ከወዲያ ክፍል የምትኖረው አስተማሪ በመስኮት ብቅ ብላ «ደህና፣ ይመስገነው» አለችኝ። ከውኃ ቧንቧው ጎን ጥርሱን የሚቦርሸው የባንክ ሠራተኛ አፉ አረፋ እንደሞላ እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። አከራዬም ከወጥ ቤቷ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ምን ነው በዚህ ምሽት?» አለች። ሳምንቱን እንዲህ ሰነበትን። ሰላምታው ለውሻ መሆኑን ስትደርስበት ግን ተቆጣች።

«ኧረግ! እኔ ሳመሰግን የከረምኩት ለውሻ ነው?»

አንድ ቀን አኮረፈችኝ። ከዚያ አስቀምጬ የአባቴንና የየኔታን ነገር ከብሳናው ጀምሬ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠራረገች፤ ከዚያ ተነስታ ከድስቷ አጥንት አወጣችና በሩ ላይ ቆማ «እንዴት አደራችሁ!» ብላ ጮኸች። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ስሙን ያስያዘችው። መንገዱ ሲከፈት ቡችላው ጎረምሳ ሆኗል፤ ስሙን ሲሰማ ከየትም ይበራል፣ በሌላ ስም ቢጠሩት ግን ዞሮም አያይም።

ሞጣ የሄድነው በሚኒባስ ነው። በትልቅ ቅርጫት አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን አጠገቤ የተቀመጡ ጥምጣም የጠመጠሙ አዛውንት «ስሙ ማን ይባላል?» አሉኝ።

«እንዴት አደራችሁ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አዛውንቱ። ከኋላ ወንበርም ሁለት ሦስት ሰው ተቀብሎ አመሰገነ። ከሰዓት በኋላ መሆኑን ማንም ልብ አላለም። ስሙ እሱ ራሱ መሆኑን ሳስረዳ መኪናው በሳቅ ተናጋ። ከፊት የነበረች ሴት ግን አልሳቀችም፤ ዞራ ዓይኔን አየችኝና «ለማን ነው?» አለች። የእኛ አገር ሰው የውሻ ስም ሲሰማ «ለምን» አይልም፤ «ለማን» ነው የሚለው።

«ለአጎቴ» አልኳት።

«ማርያም ትርዳሽ» አለችና ፊቷን መለሰች።

አባቴ አዲስ ገመድ ይዞ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ቅርጫቱን ገና ሳላወርድ ወደ አጥሩ ዞሮ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «ደግ አደረግሁ! ና ደግ አደረግሁ!» አለ። ውሻው ከቅርጫቱ ዘሎ ወረደ፣ ጉቶውን አሸተተና ሽንቱን ሸናበት። አባቴ ደገመ፣ ሠለሰ። እኔ ቀስ ብዬ «እንዴት አደራችሁ» ስል ውሻው እየበረረ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ወጣ። ከአጥሩ ማዶ የሚሰማው ዜማ ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው ያልሽው?» አለ አባቴ።

«ስሙ ነው።»

«ሰላምታ ስም ይሆናል? ለዚያ ሰውዬ በየጠዋቱ እንዴት አደራችሁ ልበል?»

«ለውሻህ ነው የምትለው» አልኩት። «ለሌላ ሰው ነው እንዴ ስም የሚወጣው?»

አዲሱን ገመድ መሬት ላይ ጣለው። በማግስቱ ማለዳ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ እውነቱን ለመናገር ሸሸሁ ማለት ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ወሬው በስልክ ነበር። መጀመሪያ «ውሻሽ ደንቆሮ ነው» አለኝ። ቀጥሎ «ስሙን በሹክሹክታ እየጠራሁት ነው፤ ለመሆኑ ጆሮው ደህና ነው?» አለኝ። ሹክሹክታው ብዙ አልቆየም። ውሻው ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ካረጀው «እግዜር ይየው» ጋር ሊጫወት ወደ የኔታ ግቢ ይገባል፤ ለቁርሱ እንዲመለስ የግድ መጮህ ነው። አባቴ ደግሞ የሚያሳድገውን ፍጥረት አያስርብም። እናም አንድ ማለዳ ወደ አጥሩ ሄዶ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ ሲያሰኝ በኖረው ድምፁ፣ «እንዴት አደራችሁ!» አለ። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ላይ ንዴት ነበረበት፤ ሌላም ነገር ነበረበት።

«ታዲያ ምን አሉ?» አልኩት።

«ማን?»

«ታውቃለህ ማን እንደሆነ።»

«ምንም አላለም። ሳለ።»

ስልኩን ዘግቼ ለአከራዬ ሮጬ ነገርኳት። «ሳሉ» አልኳት። እሷም «ሳሉ?» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ በኋላ ሳላቸው በየቀኑ ሆነ። አባቴ ይጠራል፣ የኔታ ይስላሉ። እኔ በየማታው እየደወልኩ «ዛሬስ?» እላለሁ፣ አባቴ «ሳለ» ይላል። አንዳንዴ እንደ ጨዋታ ያደርገዋል፤ «ዛሬ ሁለቴ ሳለ» ይለኛል። ከሳል ግን አላለፈም። ወራት ሄዱ። የኔታ ሰላምታን ያህል ነገር ሰምተው እንዴት እንደሚያስችላቸው ይገርመኝ ነበር፤ ትዕግሥቴም እያለቀ መጣ። «ምናለ ዝም ብዬ አንድ ተራ ስም ባወጣሁለት» ማለት ጀመርኩ።

ክረምቱ መሐል ላይ ኔትወርክ ጠፋ። መጀመሪያ ግድ አልሰጠኝም፤ ከዚያ ስልኩን በየሰዓቱ መሞከር ጀመርኩ። መንገዱም በዚያው ሰሞን እንደገና ተዘግቷል። ክሊኒክ ውስጥ የበግ ክትባት ለላም ልወጋ ስል ባልደረባዬ እጄን ያዘኝ። አከራዬ ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» ስትለኝ ማልቀስ ይቃጣኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ደውዬ ጠራ። ተነሳ። ድምፁ ግን የአባቴ አልነበረም።

«ሃሎ» አለ፣ ከፍ አድርጎ፣ ስልክ ይዞ እንደማያውቅ ሰው።  የአባቴን ስልክ ሌላ ሰው ካነሳው አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

«ማን ልበል?» አልኩ።

«እኔ ነኝ ልጄ። የኔታ ነኝ። አትደንግጪ፣ አባትሽ ደህና ነው፣ እዚሁ ተኝቷል። አጥሚት ጠጥቷል።»

 እሳቸው ቀስ እያሉ ነገሩኝ።

«ትናንት ወዲያ ከኪዳን ተመልሼ ደጄ ላይ ቁጭ አልኩ። ድምፅ የለም። ጠበቅሁ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ድምፅ የለም። ውሻው በቀዳዳው መጥቶ እግሬ ሥር ያለቅሳል፣ የሚጠራው የለም። እኔም ተነሳሁ። ዛሬ እንዴት አደራችሁ ያለኝ ሰው የለም አልኩ። በበሩ ዞሬ ገባሁ።»

አባቴ ራሱን አዙሮት ከአልጋው ሥር ወድቆ ኖሯል። የደም ግፊት መድኃኒቱ አልቆ፣ ስልኩ አልሠራ ብሎ፣ ለማንም ሳይናገር ነው የሰነበተው። የኔታ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱት፣ ሲሻለውም ይዘውት ተመለሱ፣ ከዚያ ወዲያ ከአጠገቡ አልተነሱም። ስለ ብሳናው ገና ከአሁኑ እንደገና መከራከር ጀምረዋል፤ ከኋላ የአባቴ ድምፅ «ቆርቆሮውን አበስብሶት ነበር ብያለሁ!» ሲል ሰማሁ። እንዲህ ያለ ጥሩ ጭቅጭቅ ሰምቼ አላውቅም።

«ስጡኝ ስልኩን» አለ አባቴ። ድምፁ ደክሟል፣ ነገር ግን ኩራቱ በቦታው ነው።

«አባዬ፣ የኔታ እንዴት ገቡ?»

«እንዴት ይገባሉ? ደጅ ላይ ቆመው ውሻውን ጠሩ። እንዴት አደራችሁ አሉ።»

«ውሻውማ እግራቸው ሥር ነበረ፤ አሁን ነገሩኝ እኮ።»

አባቴም በተራው ሳለ። ከበስተኋላው ውሻው ሲያዛጋ ይሰማኛል።

«ታዲያ አንተ ምን አልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ፣ ይግቡ አልኳቸው» አለኝ። ከዚያ ጥፋተኛዋ እኔ የሆንኩ ይመስል ተቆጣኝ። «ምን ላድርግ ታዲያ? ሰው እንዴት አደራችሁ ሲል ዝም ይባላል እንዴ?»